በውሃ ቀለም ጨለማን መሳል፦ ጥቁሩ ለምን ጭቃ ይሆናል? ሰውስ ከብዶት እንዳይሄድ ምን ይደረግ? (ጎንደር)

ማራኪ_ብሩሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ለ8 ወጣቶች የ6 ሳምንት የውሃ ቀለም ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። ርዕሱ አበባና መልክዓ ምድር አይደለም። ሐዘንን፣ ፍርሃትንና «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ በጨለማ ምስል መፈተሽ ነው፦ ሌሊት፣ ባዶ ቤት፣ የተዘጋ በር፣ ጥላ የወደቀበት ፊት።

በሙከራው ሦስት ነገር አስቸገረ። ጥቁሩ ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል፣ ሲደገም ደግሞ ጭቃ። ብርሃን የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል፤ ነጭ ቀለም ከላይ ሲደረግ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሦስተኛው ከሁሉ ያሳስባል፦ ሰው ሥዕሉን ጨርሶ ሲነሣ ከመጣበት ይልቅ ከብዶት ቢሄድስ? ወረቀቱ 300 ግራም የጥጥ ነው፤ ቀለሙ ባለ 12 የተማሪ ሳጥን። የምታውቁ እርዱን።

ነጭ_ወረቀት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ከጥቁሩ ልጀምር። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥቁር ለጊዜው አውጥታችሁ አስቀምጡት። የውሃ ቀለም ጥልቀት የሚኖረው ብርሃን በቀለሙ አልፎ ነጩን ወረቀት ነክቶ ሲመለስ ነው። የሳጥኑ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ከካርቦን የሚሠራ ስለሆነ ብርሃኑን ይዘጋዋል፤ ጨለማው ሌሊት መሆኑ ይቀርና የተለጠፈ ጥቁር ወረቀት ይመስላል።

ጥቁሩን ራሳችሁ ቀላቅሉት፤ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማው) ይበቃሉ። ሁለት እጅ ሰማያዊ ከአንድ እጅ ሲየና ጋር ቀዝቃዛ የሌሊት ጥቁር ይሰጣል። እኩል ከሆኑ የፋሲል ግቢን ድንጋይ የሚመስል ገለልተኛ ግራጫ ጥቁር ይወጣል። አልትራማሪን ቅንጣቱ ሻካራ ስለሆነ ወረቀቱ ጉድጓድ ውስጥ እየዘቀጠ የድንጋይ ገጽ ይሠራል፤ ለግንብና ለአሮጌ ግድግዳ ይህን የሚያህል የለም። ሲየናው ሲበልጥ ደግሞ ፍም ዳር ያለ ከሰል ይመስላል። ከዚህ የጠቆረ ካስፈለገ በሲየናው ፈንታ በርንት አምበር (ጠቆር ያለው ቡናማ) ይግባ።

ሲደርቅ የሚገረጣው ውሃ ስለበዛ ነው። እርጥብ ቀለም ሁልጊዜ ከደረቀው ይጠቁራል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ «በዛ» እስኪያሰኝ ድረስ መጠቆር አለበት። ውፍረቱን ለተማሪ በቡና ማስረዳት ይቀላል፦ በረካ፣ ቶና፣ አቦል፤ ከአቦል በላይ ማር። ለሰማይና ለጭጋግ በረካ፣ ለግድግዳ ጥላ ቶና። ድቅድቁ ግን በአቦልና በማር መካከል ሆኖ በአንድ ጊዜ ይቀመጥና ይተዋል። አምስት ጊዜ የተደራረበ በረካ አቦል አይሆንም፤ ጭቃ ይሆናል እንጂ። ጭቃ የሚመጣው ደግሞ በሦስት ምክንያት ነው፦ ብሩሹ ግማሽ የደረቀ ቦታ ላይ ሲመለስ፣ ሦስትና አራት ቀለም ሲቀላቀል፣ ወይም በተማሪ ሳጥን ውስጥ እንደሚያጋጥመው ነጭ የተቀላቀለበት ቀለም ሲገባ። ወረቀቱ መድረቁን በዓይን አትፍረዱ፤ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፣ ከቀዘቀዘ ገና ነው።

ጥቀርሻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

በጥቁሩ ላይ ከነጭ_ወረቀት ጋር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የምስማማው። ለሌሊትና ለጥላ ቅልቅሉ ይሻላል። ለመስመር፣ ለዓይን ብሌን፣ ለተዘጋ በር ስንጥቅ ግን የጥላሸት ጥቁር የሚተካው የለም። የብራና መጻሕፍቶቻችን ቀለምም መሠረቱ ጥላሸትና የተቃጠለ እህል ነው፤ ስንትና ስንት ዘመን ሳይደበዝዝ የቆየው ካርቦን ብርሃን ስለማያጠፋው ነው። ሰው ስለ ማንነቱ ሲሥል ጥቁሩን በእጁ ማዘጋጀቱ ራሱ ሥራው ውስጥ ይገባል፤ አንዱን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኩራዝ ነበልባል ላይ ቀዝቃዛ የብረት ክዳን ያዙና የሚሰበሰበውን ጥላሸት በላባ ጥረጉ። የድስት ጥቀርሻ አይሆንም፤ የእንጨት ሬንጅ ስላለበት ቡናማና ቅባታም ነው። የኩራዙም ቢሆን ቅባት አያጣም፤ በክዳን በተዘጋ ቆርቆሮ አድርጋችሁ ጭሱ እስኪያቆም እሳት ላይ አቆዩት። ይህ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ የሚሠራ ነው፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።

ለማያያዣው የግራር ሙጫ ያስፈልጋል። አንድ እጅ የተፈጨ ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ (በሚፈላ አይደለም) ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና በጨርቅ አጥልሉት። ለአራት ማንኪያ ሙጫ አንድ ማንኪያ የተጣራ ማር፣ እንዳይሻግት ሁለት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት። ገበያ ላይ ተጠንቀቁ፦ ከመተማ በኩል ዕጣንም ሙጫም ይመጣል፣ ሁለቱም ጠብታ ጠብታ ስለሆነ ይምታታል። አንዷን ፍሬ ውሃ ውስጥ አሳድሩ፤ ሙሉ በሙሉ ከሟሟች ሙጫ ናት፣ ውሃውን ወተት አስመስላ ዝቃጭ ከተወች ዕጣን ናት።

ጥላሸት ውሃ ጠል ነው፤ በላዩ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አረቄ አርሱት፣ ወዲያው ይቀመጣል። ከዚያ አንድ እጅ ጥላሸት ከአንድ እጅ ማያያዣ ጋር መስተዋት ላይ 20 ደቂቃ ያህል እሹት። ወረቀት ላይ ሞክሩና ሲደርቅ በጣት አሹት፦ ጣት ካጠቆረ ሙጫው አንሷል፣ ከሰነጠቀ ማሩ አንሷል፣ ካብረቀረቀና ከተጣበቀ ደግሞ ሙጫና ማሩ በዝተዋል።

የቁስቋም_መንገድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ስለ ጨለማ ምስል ከውጭ ምሳሌ ከመፈለጋችሁ በፊት ጎንደር ውስጥ ያለውን እዩ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት አንዷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት፤ ጣሪያዋን የሞሉት ክንፋም ፊቶች ሁሉ ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ቁልቁል ያያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር ሥልት ደግሞ ፊት ላይ ጥላ አመጣ፤ ጉንጭና አንገት በቀይ ቡናማ እየደመቀና እየደበዘዘ ይሠራል። ከዚያ በፊት የነበረው ሥልት በመስመርና በጠፍጣፋ ደማቅ ቀለም ነበር የሚሠራው።

ከዚህ ለቡድኑ የሚወጣ መልመጃ አለ፤ አንድ አደጋም አለው። «ራስህን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣል» ማለት ደንቡን ለሚያውቅ የጎንደር ልጅ «ራስህን ከክፉዎቹ ጋር መድብ» ማለት ነው። በደል የደረሰበትን ሰው በራሱ ላይ ማስፈረድ ይሆናል። ስለዚህ ፍርሃቱ፣ በሽታው፣ የሚያሳድደው ሕልም በጎን ይሣል፤ ሠዓሊው ራሱን፣ የቱንም ያህል ጥላ ቢወድቅበት፣ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያስቀምጥ።

ሁለተኛ ነገር፣ ክታብ። ለአንድ ሰው የሚጻፍ የፈውስ ክታብ ብራናው በሰውየው ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፣ ከራስ እስከ እግር እንዲሸፍነው። ዋናው ምስል ዓይን ነው፤ በጥቁርና በቀይ የተከበበ፣ ክፉውን መልሶ የሚያይ ዓይን። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ይህን ዓለም ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቶታል። ለመልመጃ የ15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ወረቀቶች ተቀጣጥለው በተሳታፊው ቁመት ልክ ይሁኑ፣ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይሞላ። ጠልሰሙን (የክታቡን ምስልና ጽሕፈት) ግን እንዳለ አትቅዱ። ከቡድኑ አንዱ አምኖ ሊፈራው ይችላል፣ ሌላው በሃይማኖቱ ሊከፋ ይችላል። ዓይኑን ብቻ ውሰዱ፣ ጽሕፈቱን ተዉት።

ማራኪ_ብሩሽ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

እግዜር ይስጥልን። የቁመቱ ሐሳብ በጣም ነው ያስደሰተን። ነጭ_ወረቀት፣ የብርሃኑን ነገር አልነገርከንም እኮ።

ነጭ_ወረቀት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

የብርሃኑ ነገር ከጥቁሩ በፊት የሚወሰን ስለሆነ ነው ለብቻው ያስቀረሁት። በዘይት ቀለም ጨለማውን ጨርሶ ብርሃኑን ከላይ መደረብ ይቻላል። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው። አንዴ ከተቀባ ተቀባ። ስለዚህ «የትኛው ቦታ አይነካም?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ነው፣ የመጨረሻው አይደለም። ለዚህ ቡድን እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው፦ ሰው ጨለማውን ከማፍሰሱ በፊት ተቀምጦ ምን እንደሚያስቀር ይወስናል።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ዝም ብሎ ዙሪያውን መቀባት፤ ለመስኮት፣ ለበር ስንጥቅ፣ ለነጠላ ጥለት። በስስ እርሳስ ምልክት ይደረግና ብሩሹ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛው ሰም ነው። ጧፍ ከማንኛውም ሻማ ይሻላል፤ የንብ ሰም ለስላሳና ቀጭን ስለሆነ መስመሩ ጥርት ይላል። (ከሱቅ የተገዛ ይሁን፤ ለጸሎት የተሰጠውን አትጠቀሙ።) ጫን ብሎ ደረቅ ወረቀት ላይ መሣል፣ ከዚያ አቦሉን በላዩ ማፍሰስ። የተሣለው ሲሣል አይታይም፤ ጨለማው ሲወርድ ነው የሚወጣው። ተሳታፊዎች የማይናገሩትን ቃል ወይም ስም በፊደል በጧፍ ጽፈው ሲያለብሱት ምስሉ በራሱ ይመጣል። ስሕተቱ ሰሙን ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ መጠቀም ነው፣ አይይዝም። ሌላው ሰሙን በካውያ አውጥቶ በላዩ ለመቀባት መሞከር ነው፤ ቅባቱ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ቦታው ዳግመኛ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ሰም የተነካው ቦታ ለዘለቄታው የተወሰነ ነው በሏቸው።

ሦስተኛው ማንሣት ነው፤ ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ብሩሽ አርሶ፣ 10 ሴኮንድ ጠብቆ፣ በሶፍት መጫን። መፈተግ የለም፤ ወረቀቱ ይበጠሳል። አልትራማሪንና ሲየና በደንብ ይነሣሉ። ፍታሎ አረንጓዴ፣ ፍታሎ ሰማያዊና አሊዛሪን (ጠቆር ያለው ቀይ) ወረቀቱን ስለሚነክሱ አይነሡም።

አዘዞ_ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። መጀመሪያ ስሙን እንለይ። «አርት ቴራፒ» (በሥነ ጥበብ የሚሰጥ ሕክምና) እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው ስም ነው፤ ዛሬ ራሱን የቻለ የሠለጠነ ሙያ ነው። የእናንተ ቡድን የሥዕል ትምህርት ነው፤ ሊያጽናና፣ ሊያቀል ይችላል፣ ሕክምናን ግን አይተካም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለተሳታፊዎች በግልጽ ንገሩ።

ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ይሁን፣ የጨለማው ሥራ ግን ከ30 ደቂቃ አይለፍ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ቀለም መቀላቀልና የብሩሽ ሙከራ፣ መጨረሻ 20 ደቂቃ ብሩሽ ማጠብ፣ ጠረጴዛ ማጽዳት፣ ሻይ። እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባቱ ሰውን ወዳለበት ይመልሳል፤ ስለዚህ እጥበቱን ረዳት አይሥራላቸው። ወረቀቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከኤ5 አይብለጥ። ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር በፕላስተር ከበቡት፤ ሲላጥ ነጭ ጠርዝ ይቀራል፣ ጨለማው ዳር ድንበር ይኖረዋል።

አትጠይቁ፦ «ይህ ምንድን ነው?»፣ «ለምን ጥቁር አበዛህ?» ጥቁር ቀለም መብዛቱ ብቻውን የምንም ሕመም ምልክት አይደለም። ጠይቁ፦ «እጅሽ ከየት ጀመረ?»፣ «የትኛው ቦታ ተቸገርሽ?»፣ «ሌላ ሰው እንዲያየው ትፈልጊያለሽ?» ማሳየት ግዴታ አይሁን።

ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ሲጠሩት ካልሰማ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ከፈዘዘ ሥራው ይቁም። እግሩን መሬት ያስረግጥ፣ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥራ፣ ውሃ ይጠጣ። ብቻውን አይላክ። ሕመሙ ከቀናት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍ ከነሣው ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካነሣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይወሰድ። ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ማን እንደሚወስድና በምን እንደሚሄድ ይወሰን።

ማራኪ_ብሩሽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

አንድ ጥያቄ ቀረን። ሥዕሉን ቀድዶ መጣል የሚፈልግ ተሳታፊ ቢኖርስ? እንከልክለው?

አዘዞ_ነርስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡25

አትከልክሉ፣ ግን አታጣድፉ። መጀመሪያ በፖስታ አሽጎ አንድ ሳምንት እንዲያቆይ ጠይቁት። ከዚያም ከፈለገ ከመቅደድ ሌላ መንገድ አለ፤ ማጠብ። ነጭ_ወረቀት ያስረዳ።

ነጭ_ወረቀት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

አዎ፣ ይህ በብዙ ሌላ ቀለም የማይገኝ የውሃ ቀለም ጠባይ ነው። ፈጽሞ የደረቀውን ሥዕል ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ አርሱት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ አጥቡት። ቀለሙ ይወርዳል፤ ወረቀቱ ግን ወደ ነጭነቱ አይመለስም። የነበረው ሁሉ እንደ ጭጋግ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ሥዕል በዚያ ላይ ይሠራል።

ምን ያህል እንደሚቀር የሚወስነው ቀለሙ ነው። አልትራማሪንና ሲየና ብዙው ይታጠባል። ፍታሎ ከሆነ ጥርት ያለ አሻራ ይተዋል። ጥቀርሻ ያሳየን የኩራዝ ጥላሸት ደግሞ ጭረቱ ውስጥ ይቀመጥና ግራጫ መስመር ይሆናል። ስለዚህ ተሳታፊው ሥዕሉን ሲጀምር የሚጠቀምባቸውን ቀለሞች በትርፍ ወረቀት ላይ አጥቦ ይይ፤ የትኛው እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚቀር አውቆ ይምረጥ። ወረቀቱ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እጥበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ስለሚለቅ ቀለሙን እንደ ጨርቅ ይጠጣዋል፣ ሁሉም ይደበዝዛል።

የቁስቋም_መንገድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

በእጥበቱ ጊዜ ስለ ጠበል አታንሡ። ተሳታፊው ራሱ ካነሣው ያንሣ፤ እናንተ ከሰየማችሁት ግን የሥዕል ክፍሉን የማያውቀውን ሥልጣን ታለብሱታላችሁ።

ሹሩባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

ስለ ፊት አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር። ማንነት ከተባለ የራስ ፊት መምጣቱ አይቀርም፣ ብዙው ሰው የሚወድቀውም የቆዳውን ቀለም ላይ ነው። ቡናማ አንሥቶ ጥላውን በጥቁር ማድረግ ፊቱን አመዳም ያደርገዋል። መጀመሪያ ሙቁን ንጣፍ፦ ሲየና ከትንሽ ኩዊናክሪዶን ሮዝ ጋር፣ በቶና ውፍረት፣ ፊቱን ሙሉ በአንድ ጊዜ። ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና የታችኛው ከንፈር ላይ ብርሃኑ የሚያርፍበት ይተው። ከደረቀ በኋላ ጥላው በሲየናና በአልትራማሪን፣ አገጭ ሥርና አንገት ላይ ሰማያዊው ይብለጥ። የጠቆረ ቆዳ ላይ ብርሃኑ ነጭ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ሲደርቅ በጣም ቀጭን ሰማያዊ በረካ ማሳለፍ ነው።

ሹሩባ በጥቁር መስመር አይሠራም። ፀጉሩ በሙሉ በአቦል ይቀባ፣ ውሃው ሊመጥ ሲል በንጹሕ፣ በተጨመቀ ጠፍጣፋ ብሩሽ በጉንጉኑ መካከል ያለውን መስመር ማንሣት። ነጠላ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ እጥፋቱ ብቻ በቀጭን ግራጫ ይነካል። ሐዘንተኛ የሚሥል ካለ ነጠላው መዘቅዘቁን ያስታውስ፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል፣ ያ ብቻውን ጥቁር ልብስ ሳያስፈልግ ይናገራል።

አሊዛሪን ክሪምሰን ለፊት አትጠቀሙ፤ ፀሐይ ይበላዋል፣ ግድግዳ ላይ ሲቆይ የጉንጩ ቅላት ጠፍቶ አረንጓዴና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የራሱን ፊት ሲታመም ያየ ሰው ምን ይሰማዋል?

ጥቀርሻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ለነጭ_ወረቀት አንድ ተቃውሞ አለኝ። «መጀመሪያ የሚቀረውን ብርሃን ወስን» እንደ ቴክኒክ ትክክል ነው። እንደ ትእዛዝ ግን ሁሉም ሥዕል መስኮት ወይም ሻማ እንዲኖረው ያስገድዳል። ብርሃን ገና ያልታየው ሰው ብርሃን እንዲሥል ከታዘዘ ለእናንተ ደስታ ይሥላል እንጂ ለራሱ አይደለም።

ነጭ_ወረቀት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

ተቀብያለሁ፣ በዚህ ልክ ነህ። ጥያቄው «ምን ታስቀራለህ?» ይሁን፤ «ምንም» መልስ ነው። የዚያን ጊዜ ከጠርዙ በቀር ወረቀቱ ሙሉ ይቀባ፤ ግን በሁለት የተለያየ ጥቁር፣ አንዱ ቀዝቃዛ አንዱ ሞቃት፣ ጎን ለጎን እርጥብ ሳሉ ይገናኙ። ያለ አንድ ነጭ ነጥብም ምስሉ ይተነፍሳል፤ ሞቃቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ቀዝቃዛው ይርቃል።

ማራኪ_ብሩሽ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጥቁር መቀላቀልና አጥቦ ማየት ብቻ ይሆናል፤ ፊት ወደ አራተኛው ሳምንት ተዛውሯል። የጊዜው ነገርስ? ጥር ላይ ነው የሚጀመረው።

ነጭ_ወረቀት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጥር ላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው ደረቅ አየር ቀለሙን በደቂቃዎች ያደርቀዋል፤ ትልቅ የሌሊት ሰማይ ሳይገናኝ ጠርዙ ይሰነጠራል። የወረቀቱን ጀርባ በስፖንጅ አርሱ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ አስተኙት፣ በግማሽ ብርጭቆ የቀለም ውሃ ላይ ሦስት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አይደርቅም፣ ይጣበቃል። ጠዋት ሥሩ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ራቁ። ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ እርጥበቱ ይቆይና ውሃ የበዛበት ብሩሽ ሲነካው የአበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ይሠራል።

ፕላስተሩን ስትልጡ ወረቀቱ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ወደ ውጭ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ እያላችሁ። ከተጣበቀ የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሴኮንድ አሙቁበት።